የአራተኛው ጥያቄ መልስ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ፣ እትዬ? ካውያው ፊት ቆመሽ ስትውይ ያብጥ የነበረው እግርሽ ጎደለልሽ ወይ? ያ ደረቅ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ አለሁ። «ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቢ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እንደሱ ብዬ የጀመርኳቸውን ሦስት ወረቀቶች ቀድጄ ጥያለሁና ለዛሬው «አለሁ» ይበቃል።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። በመጀመሪያው «ምነው ጠፋህ?» ብለሻል፤ በሁለተኛው ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርሺ «እማዬ እንዴት ናት?» ብለሽ ጠይቀሻል። እመልስልሻለሁ። ግን ከመጀመሪያው እንድነሳ ፍቀጂልኝ። ከመጨረሻው ከጀመርኩ ሌላውን የምጽፍበት አቅም አይኖረኝም፤ ሌላውን ሳታውቂ ደግሞ ይቅር ትዪኝ እንደሆነ መወሰን አትችይም።

የዛሬ ስድስት ዓመት የመጣሽበትን ጊዜ መቼም አትረሺውም። እማዬ «ነፍሴ ከንፈሬ ላይ ቆማለች፤ ዓይንሽን አይቼ ልሙት» ብላ አስጻፈችኝ፤ እኔም ቃሏን እንዳለ ላክሁልሽ። ፈቃድ ጠየቅሽ፣ ከለከሉሽ፣ ጥለሽ መጣሽ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላተሽ ስትደርሺ፣ ሞት አፋፍ ላይ ያለችው እናታችን መንገድ ዳር ወገቧን ይዛ ቆማ ከዳቦ ሻጩ ጋር ትጣላ ነበር። «ይህን ዳቦ የጋገራችሁት አይደለም፣ ከመቃብር ቆፍራችሁ ያወጣችሁት ነው» ስትለው ሰማሻት። ሻንጣሽን እንደያዝሽ ሳቅሽ፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጠሽ አለቀስሽ። ስትመለሺ ቦታሽ ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ጠበቀሽ። ያሁኑን ሥራ እስክታገኚ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ተጠግተሽ ኖርሽ።

ያኔ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ አሁንም አለ። «አንተ የቃል ሰው ነህ» ብለሽኛል። «ከእንግዲህ የእማዬን ቃል እንዳለ አትላክልኝ፤ አጣርተህ ላክልኝ። የምሯን ስትታመም ‹ታማለች› ብለህ አንዲት ቃል ጻፍልኝ፤ ያኔ ሥራም ይቅር፣ ሁሉም ይቅር፣ እመጣለሁ።» ቃል ገባሁልሽ። እውነቱን ልንገርሽና ደስም ብሎኝ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ የኔ ትምህርት ለአንድ ነገር ሲፈለግ ያ የመጀመሪያው ነው።

የእናታችንን አፍ ለአንቺ አልነግርሽም። ሻይ ከዘገየባት በጥም አልቃለች፤ «እንግዲህ ውሃው ሲፈላ ሬሳዬን እጠቡበት» ትላለች። አሥር ደቂቃ ካስጠበቅኋት ሺህ ዓመት ቆማለች። ጉንፋን ከያዛት ኑዛዜ ነው፤ የስፌት መኪናው ለአንቺ፣ መቀሱ ለጎረቤት፣ «እሱ ደግሞ መጽሐፉን ይብላ» ለእኔ። ገና ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ቤት ገብቼ፣ አንቺ የምትናገሪው እኮ ሁሉ በትምህርት ቤት ስም አለው፣ ይሄ ግነት ይባላል፣ ያ ደግሞ ምፀት አልኳት። መርፌዋን ከአፏ አውጥታ፣ ስም ያለው ነገር መሆኑን ብታውቅ ኖሮ እየሸጠች ትከብር እንደነበር ነገረችኝ። የሸጥኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለግነት ምሳሌ ሲያስፈልገኝ ከእሷ፣ ለምፀት ከእሷ፣ ለአነጻጻሪም ለተለዋጭም ከእሷ ወሰድኩ። መጽሐፉ ላይ ያሉት ምሳሌዎች ተማሪ ያስተኛሉ፤ የእማዬዎቹ ግን ክፍሉን በሳቅ ያፈርሱታል። የማን እንደሆኑ አልናገርም፤ «አንዲት ሴት እንዲህ አለች» ነው የምለው። ለዚሁ ብዬ የያዝኳት ሰማያዊ ደብተር አለችኝ። ያ «ቀመር» የምንለው የሒሳብ መምህር ይህን ሁሉ ከየት ታመጣዋለህ ቢለኝ፣ እቤት በየጠዋቱ ትኩስ ትኩሱ ይወጣል አልኩት።

የሆዷን ድንጋይ ነገር ያነሳችው ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ ትሰፋለች፤ እኔ ቆሜ ቁርሴን እበላለሁ። እግሯን ከመርገጫው አነሳችና እጇን ከቀኝ ጎድኗ ዝቅ አድርጋ አኖረች። «ሆዴ ውስጥ ድንጋይ ተቀምጧል» አለች፤ «ሳጎነብስ አብሮኝ ያጎነብሳል።» እኔ ምን ያልኩ ይመስልሻል? ቆይ፣ ድገሚልኝ አልኳት። እርሳስ ፈልጌ እስክመለስ ጠበቀችኝና ደገመችልኝ። ከዚያም እየሳቀች፣ ስታመም ጻፍ፣ ስሞት ደግሞ አሳትመው አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ድንጋይ አያጎነብስም፤ ማጎንበስ የሰው ነው፤ ስለዚህ ከጎኑ «ሰውኛ» ብዬ ጻፍኩበት።

በወሩ ለቅዳሜ ተማሪዎቼ ፈተና አወጣሁ። የቅዳሜዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ሳምንቱን ሲሠሩ ሰንብተው በወጣትነታቸው ያቋረጡትን ትምህርት ሊጨርሱ የሚመጡ ናቸው። ሹፌር አለ፣ ዘበኛ አለ፣ የልጅ ልጅ ያየች ነጋዴ አለች። አራተኛው ጥያቄ የእማዬ ድንጋይ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩና በዚህ ውስጥ የሚገኘው ዘይቤ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅሁ፤ ሁለት ነጥብ። አብዛኞቹ ሰውኛ አሉ። ጥቂቶቹ ተለዋጭ ብለው አንድ አንድ ነጥብ አገኙ። ሹፌሩ አላውቅም ማለት አሳፍሮት ያስተማርኳቸውን ዘይቤዎች በሙሉ ደርድሮ «ከነዚህ አይወጣም» ብሎ ጻፈ። ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ግን በዚያ በተጣመመ እጅ ጽሕፈቷ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ይህ ዘይቤ አይደለም። ሴትዮዋ ታማለች። ሆዷን ትታይ።»

በቀይ ቀለም ሰረዝኩት። ዜሮ ሰጠኋት። ኅዳጉም ላይ «ጥያቄው ስለ ሴትዮዋ ጤና አይደለም» ብዬ ጻፍኩላት። ይህን የጻፈው ወንድምሽ ነው፤ ወረቀቱን አስቀምጬልሻለሁ፣ ስትመጪ ታዪዋለሽ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አለማወቅ ነው ብዬ ራሴን ባጽናናሁ። አላበቃም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ፣ ወረቀቷን አራት ላይ አጥፋ እንደያዘች ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ለነጥቡ አይደለም መምህር፣ አለችኝ፤ ሴትዮዋን ያውቋቸዋል ወይ? እኔ ኮሪደር ስወለውል ሰው የሚለውን እሰማለሁ፣ እንዲህ ይሉ የነበሩ ሰዎችን መጨረሻ አይቻለሁ አለችኝ። በሩ ላይ ሁለት ተማሪዎች ቆመው ያዳምጡናል። ወለል የምትወለውል ሴት በገዛ ትምህርቴ ልታርመኝ የመጣች መሰለኝና ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ የለችም አልኳት፤ ለፈተናው ብዬ የፈጠርኳት ናት። ይባስ ብዬ «ምናባዊ» የምትለዋን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፌ ትርጉሟን አስረዳኋት። አመስግናኝ ሄደች።

እናቴን ካድኋት፣ እትዬ። እሷ በዚያች ሰዓት እቤት ቁጭ ብላ፣ እኔ ሰኞ የምለብሰውን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር።

በዚያው ሳምንት ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ምን ብዬ እንደመለስኩልሽ ታስታውሻለሽ፤ «ደህና ናት፤ ምላሷም እንደ ወትሮው ነው፤ አሁን ደግሞ ሆዷ ውስጥ ድንጋይ ማከማቸት ጀምራለች» አልኩሽ። አንቺም ለቤት መሠረት እንዲሆነን ታጠራቅምልን ብለሽ ቀለድሽ። ይህችን ቀልድ አስታውሰሽ ራስሽን እንዳትበዪ። የሳቅሽው እኔ አሹፌ በላክሁልሽ ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ አልደበቀችም፣ ደባቂው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ቀሚሷን በጎንና በጎኑ ሁለት ጊዜ አጠበበች። ለሦስተኛ ጊዜ ማጥበቡን ተወችው። ደንበኞቿ እየመጡ ያላለቀ ልብሳቸውን ይዘው ሄዱ። ጨርቁ ከብዷት እንደሆነ፣ ዘንድሮ ፋብሪካው ክሩን ከብረት እንደሚፈትለው ትነግራቸዋለች፤ እኔም እጽፋለሁ። አሁን ደብተሩን ገልጬ ሳይ በእነዚያ አምስት ወራት ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ሞልቻለሁ። ክፍል ውስጥ ንግር ምን እንደሆነ ሳስተምር፣ ደራሲ ሊመጣ ያለውን ነገር አስቀድሞ ጠቆም ያደርጋል፤ ጎበዝ አንባቢ ያኔውኑ ይጠረጥራል፣ ሰነፉ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ኋላ ገልጦ የሚያየው እላለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ያነቃኝ የቃላቷ ማለቅ ነው። አንድ ጠዋት አልጋዋ ላይ እንዳለች «አመመኝ» አለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅሁ፤ እሳቱን፣ ጦሩን፣ የተማሰውን መቃብር። ምንም አልመጣም። «አመመኝ» ብቻ። ከእናታችን አፍ እንዲህ ራቁቱን የወጣ ቃል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ልብሷን እንኳ ሳላስቀይራት ታክሲ ጠርቼ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሆዷን ዳበሰችና እስቲ ጎንበስ ይበሉልኝ አለቻት፤ እማዬ አጎነበሰች። ሐኪሟ እጇን ሳታነሳ ብዙ ቆየች። ወደ ውጭ ጠርታኝ፣ አብሯቸው ይንቀሳቀሳል፣ የጡጫ ያህላል፣ ጉበታቸውም ጋ ደርሷል አለችኝ። መቼ ነበር ያመማቸው ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እንጃ ይላል። እኔ ግን ቀኑን አውቀዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ከነቀኑ ጽፌዋለሁ፣ ፈተና አድርጌም አባዝቼዋለሁ። ነገርኳት። ያኔ መጥታችሁ ቢሆንማ ቆርጠን እናወጣው ነበር አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እኔው ጠይቄያት ነው የነገረችኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን ተረት ስንት ዓመት ለስንት ልጅ አስተማርኩ መሰለሽ።

ኮሪደሩ ላይ ያቺ ተማሪዬ መወልወያዋን ይዛ ቆማለች። እኔን አየችኝ፣ እማዬን አየቻት፣ እማዬ እጇን ያኖረችበትን ቦታ አየች። የፈጠሯት ሴት እኚህ ናቸው ወይ አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚውን በሽርጧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ እማዬን አስቀመጠቻትና፣ ለእኔ ቀስ ብላ፣ ሌላ ልጅ አላቸው ወይ አለችኝ። ሩቅ ያለች ሴት ልጅ አለቻቸው አልኳት። ዛሬውኑ ይጻፉላት መምህር አለችኝ። ይህ ከሆነ ሰባት ሳምንት አልፎታል።

ሰባት ሳምንት፣ እትዬ፤ ያንቺ መንገድ ደግሞ ሁለት ቀን ነው። በየቀኑ «ታማለች» ብዬ ልጽፍልሽ እቀመጣለሁ። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ከጻፍኩ ግን ከመቼ ጀምሮ ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም፤ ለዚያ መልስ ስፈልግ ቀኑ ያልቃል። ነገ ትንሽ ሻል ይላት ይሆናል፣ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ አንቺን ፈራሁ። እሷን ከመዳን ከለከልኳት፣ አንቺን ደግሞ ከእሷ ከለከልኩሽ። ኃጢአቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የማሳምረው ስም አላገኘሁለትም።

ለእማዬ ሁሉን ነገርኳት። ፈተና ላይ እንዳወጣኋት፣ የጽዳት ሠራተኛዋን መልስ፣ «ምናባዊ» ብዬ መካዴን ሁሉ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ እንድትሰድበኝም ፈልጌ ነበር። ስንት ሰጠሃት አለችኝ። ዜሮ አልኳት። ሁለቱንም ስጣት አለች። ቅዳሜ ክፍል ገብቼ፣ አራተኛው ጥያቄ ውስጥ ምንም ዘይቤ እንዳልነበረ፣ ሴትዮዋም እናቴ እንደሆነች ነገርኳቸው። ወደ ኋላ ወንበር ማየት አቅቶኝ ዞርኩና ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ሳጠፋ ቆየሁ።

እቤት ደግሞ እማዬ የምትናገረው ሁሉ አጭር ሆነ። ውሃ። መስኮቱን ክፈተው። ቀስ አድርገህ አዙረኝ። አንድ ጠዋት እንደ ድሮው ትቆጣኝ ብዬ ሆን ብዬ ሻይዋን አዘገየሁባት። በሩ ሥር ቆሜ ሬሳዋን፣ ፍሉን ውሃ፣ አንዱን እስክትጠራ ጠበቅሁ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ሳመጣላት አመሰገነችኝ፤ እኔም ሄጄ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ።

ጽዳት ሠራተኛዋ እሑድ እሑድ ከሰዓት እየመጣች ፀጉሯን ታጥባታለች፣ ጥፍሯን ትቆርጥላታለች። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አንድ እሑድ ግን ሁለቱም ሲስቁ ሰማኋቸው። ጆሮዬን ጣል ባደርግ እማዬ ስለ እኔ ነው የምታወራው፤ ይህ ልጅ እኮ ሁለት ቀን ሙሉ አምጬው እምቢ ያለኝ፣ ጩኸቴን ሰምቶ «ግነት ነው» ብሎ ተኝቶ ይሆናል ትላታለች። ያቺን አልጻፍኳትም። ደብተሩን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

ለአንቺ የምልክልሽ ነገር ካለ ጠየቅኋት። ያንን የለመድነውን፣ ዓይኗን አይቼ ልሙት የሚለውን ጠብቄ ነበር። «ናፍቃኛለች በላት» አለችኝ። ትንሽ አረፍ ብላ ደግሞ «ሥራዋን ግን እንዳትለቅ፤ ባለፈው በእኔ ጦስ አጥታዋለች» አለች። እኔ አልነገርኳትም። አንቺም አልነገርሻትም። ከማን እንደሰማች እንጃ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቃ ዝም ብላለች። ድንጋዩ ከተቀመጠባት ጀምሮ አንድም ቀን ለእህትህ ጻፍላት ብላኝ እንደማታውቅ ያኔ ነው የገባኝ።

ይህን የምጽፍልሽ በስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ሰው ተቀምጦበታል። ትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ልኮልናል። ለእኔም ሳልጠይቅ የሳምንት ፈቃድ ሰጥተውኛል። «ቀመር» ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ከቅዳሜ ተማሪዎቼ ጋር ተቀምጧል፤ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ጽዳት ሠራተኛዋ ብርድ ልብሶቹን አጥባ አስጥታለች፣ ፍራሹንም ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁልሽም። አብራሽ ለምትሠራው ጓደኛሽ በሰው እጅ ልኬላታለሁ፤ ሥራ ስትጨርሺ ቤትሽ ድረስ ሸኝታ፣ አስቀምጣሽ፣ ከአጠገብሽ ሳትለይ እንድትሰጥሽ። አሁን እዚያው ናት፤ እጇን ያዢ። ነገ ፈቃድ ጠይቂ። ለእንዲህ ያለው አይከለክሉሽም። መንገድ ላይ አትጣደፊ፤ መሐል ላይ እደሪና አረፍ ብለሽ ነይ። መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ሰው የሚፈራውን ቃል በሌላ ቃል ጠቅልሎ ያልፋል ብዬ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ምሳሌ ሲያዋጡ እንስቅ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ አንዱንም መጻፍ አልቻልኩም፤ ዋናውንም ቃል መጻፍ አልቻልኩም። ቃል የገባሁልሽን «ታማለች» ደግሞ ከዚህ በፊት በቀደድኳቸው ወረቀቶች ላይ ጽፌ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ጊዜው አልፎበታል።

ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እትዬ። ጉልበትሽን ያበርታው፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰው አገር እንባሽን የሚያብስልሽ አያሳጣሽ። በእኔ ላይ ያለሽን ቁጣ ሁሉ ይዘሽው ነይ፤ እቀበለዋለሁ፣ ብቻ ነይ። እማዬን ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ አያማትም።

ታናሽ ወንድምሽ